«ኮር አይ 7፣ 1 ቴራ፣ ስላይትሊ ዩዝድ»፦ ለተማሪ ላፕቶፕ ሲገዛ ማስታወቂያው የሚዘለው

የላፕቶፕ ነጋዴዎችን የቴሌግራም ቻናሎች ገባ ብሎ ላየ ሰው ማስታወቂያው ሁሉ ተመሳሳይ ነው፦ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ኮር አይ 7፣ ራም 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 1 ቴራ፣ ባትሪ 4 ሰዓት፣ ለዋጋ ይደውሉ።» እያንዳንዱ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ሆኖም ማሽኑ ሲበራ ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያስጠብቅ፣ ወርድና ክሮም አብረው ሲከፈቱ የሚንቀረፈፍ፣ ቻርጀሩ ሲነቀል ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ የማይዘልቅ ሊሆን ይችላል። ለአራትና ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ኮምፒውተር የሚፈልግ ተማሪ፣ ወይም ገንዘቡን የሚያወጣው ወላጅ፣ ማወቅ ያለበት ይህ መስመር የዘለለውን ነው።

መጀመሪያ የሚዘለለው የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው። «ኮር አይ 7» ብቻውን ምንም አይናገርም። በ2011 የወጣ ኮር አይ 7 አለ፣ በ2024 የወጣም አለ (የማሽን ዘመን ሁሉ እዚህ በፈረንጆቹ ነው)። ሙሉ ስሙን ጠይቁ። ለምሳሌ «አይ5-8250ዩ» ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ጀነሬሽኑ ነው። ቁጥሩ በ10፣ 11፣ 12 ወይም 13 ከጀመረ ሁለቱ አሃዞች አብረው ይነበባሉ፤ «1135ጂ7» ማለት 11ኛ ጀነሬሽን ነው። ከ7ኛ ወደ 8ኛ ያለው ደረጃ ትልቅ ነው። አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ሲኖረው፣ አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ስለዚህ «ኮር አይ 7» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ማሽን ጎኑ ካለው «ኮር አይ 5» ያነሰ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ትርጉም አላት። «ዩ» ባትሪ ቆጣቢ ነው፤ «ኤች» ወይም «ኤችኪው» ጉልበተኛ ነው፣ ግን ይሞቃል፣ ባትሪም ይበላል።

8ኛ ጀነሬሽን ላይ መስመር የሚሰመርበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) ላይ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ኢንቴልና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ያለውን ማሽን ነው። በኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 3500ዩና ከዚያ በላይ ያለው ያስኬዳል። በአሮጌ ማሽን ላይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍተሻውን ዘሎ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል፤ ነጋዴዎችም ያደርጉታል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ አንድ ቀን ቢቆም የሚጠየቅ የለም። በጀታችሁ ከ6ኛ ወይም ከ7ኛ ጀነሬሽን የማያልፍ ከሆነና የዲፓርትመንታችሁ ሶፍትዌር ዊንዶውስ የግድ የማይል ከሆነ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ጭኖ መጠቀም ከተጭበረበረ ዊንዶውስ 11 የተሻለ ነው።

ቀጥሎ «አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?» የሚለው ይመጣል። በተማሪ በጀት ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሴሌሮን ኤን4020፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ «ኢኤምኤምሲ» ማከማቻ ነው። ኢኤምኤምሲው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ዊንዶውስና ጥቂት ፕሮግራም ከገቡበት በኋላ ለአፕዴት የሚሆን ቦታ እንኳ ያጥረዋል። ላስቲኩን ልጦ መክፈት ደስ ይላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን የሚያበሳጨው ያው ማሽን ነው። በዚያው ገንዘብ ለቢሮ ሥራ ተብለው ከተሠሩት ውስጥ ያገለገለ መግዛት ይሻላል፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች እነዚህን በሦስት በአራት ዓመት ለውጠው በጅምላ ይሸጧቸዋል፤ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፉ እዚህ ይደርሳሉ። ቀፏቸው ጠንካራ ነው፣ ማጠፊያቸው በቀላሉ አይሰበርም፣ በተራ ካቻቪቴ ይከፈታሉ፣ መለዋወጫቸውም ብዙ ነው።

በስም ለመጥራት ያህል፦ ቲንክፓድ ቲ480፣ ላቲትዩድ 5490 እና 7490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሁሉም የ2018 ዘመን ባለ 14 ኢንች ናቸው። ይሁንና የሞዴሉ ስም ብቻ አያስተማምንም፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰርም ተሠርተዋል፣ ስክሪናቸውም 1366 በ768 የሆነ ገርጣ ያለም፣ 1920 በ1080 የሆነ ጥሩም አለ። በአንድ ፊደል የሚለያዩትንም አስተውሉ። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ ሲኖረው፣ ቀጠን ያለው ቲ480ኤስ ግማሹ ራም ቦርዱ ላይ ተበይዶ አንድ ማስገቢያ ብቻ ይቀረዋል፤ ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው። 8 ጊጋ ሆኖ የተገዛ ኤክስ1 ካርቦን ዕድሜ ልኩን 8 ጊጋ ነው። ቅጥነት የሚያምረው ሰው ይህን እያወቀ ይግዛ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዲፓርትመንታችሁን እወቁ። ፍሬሽማን ላይ ያለ ተማሪ ለጠቅላላ ኮርሶች የሚያስፈልገው ፒዲኤፍ ማንበቢያና ወርድ ነው፤ ምደባው ሳይታወቅ ውድ ማሽን መግዛት ለአርክቴክቸር ብሎ ገዝቶ ሶሺዮሎጂ መመደብን ያመጣል። ከምደባ በኋላ የአንድ ዓመት ብልጫ ያላቸውን ሲኒየሮች «የትኛው ሶፍትዌር ነው ላፕቶፓችሁን ያስጨነቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሻጭ ምክር ይህን አይተካም።

አካውንቲንግና ማኔጅመንት ላይ ኤክሴልና ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም) ነው ያለው፤ 8 ጊጋ ራም ይተርፋል። ሕክምናና ጤና ላይ የሚበዛው ንባብና የሥዕል መጽሐፍ ስለሆነ ገንዘቡን ፕሮሰሰር ላይ ከማፍሰስ ጥሩ ስክሪንና ጤነኛ ባትሪ ላይ ማዋል ነው፤ ኋላ ለጥናታዊ ጽሑፍ ኤስፒኤስኤስ ቢመጣም ቀላል ነው። ሲቪል ምህንድስና ላይ አውቶካድና ኢታብስ 8ኛ ጀነሬሽን አይ5 ላይ ይሠራሉ፤ ሬቪት ሲጨመር ግን 16 ጊጋ ራም ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ አንድሮይድ ስቱዲዮ ከኢሙሌተሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ስልክን ከሚያስመስለው ፕሮግራም) ጋር 8 ጊጋን ጠቅልሎ ይውጠዋል፤ ኢሙሌተሩን ትቶ ስልክን በኬብል አገናኝቶ መሞከር ግማሹን ጭነት ያነሳል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የግድ የሚለው በዋናነት አርክቴክቸር ነው፤ የሕንፃ ንድፍን ወደ ምስልና ቪዲዮ የሚቀይረው ሉሚዮን ያለ እሱ አይነቃነቅም። የማሽን ለርኒንግ ተማሪዎች ካርድ ካልገዛን ሲሉ ይሰማል። የጉግል ኮላብ ነጻው አገልግሎት ለኮርስ ሥራ የሚሆን ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) በኢንተርኔት፣ በሰዓት ገደብ ይሰጣል፤ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሙ።

ማክቡክ ጥሩ ማሽን ነው፤ ሬቪት፣ ኢታብስና ፒችትሪ ግን በማክ ላይ አይሄዱም። ስናፕድራገን ቺፕ ያላቸው አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ባትሪያቸው ቢያስቀናም የምህንድስና ሶፍትዌሮች ላይ እንቅፋት አለባቸው። በእነዚህ ዲፓርትመንቶች ያለ ሰው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ላይ ይቆይ።

«1 ቴራ» የሚለውን አትጓጉለት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ማሽኑን ከሁሉ በላይ የሚጎትተው እሱ ነው። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ያለው አይ5፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ካለው አይ7 ፈጥኖ ይከፈታል፣ ፈጥኖ ይሠራል፣ ቢወድቅም መረጃው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን በሌላው ሁሉ ካማራችሁ ኤስኤስዲ የሚገዛበትን ዋጋ ጨምራችሁ አስሉ። ስትገዙ ቅርጹን ለዩ። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ አለ፤ ማስቲካ የመሰለው ኤም.2 ደግሞ ሳታም ኤንቪኤምኢም ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ ኤም.2ዎች ሲያዩዋቸው ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው የማይሠራለትን ገዝቶ ይመለሳል። ራምም እንዲሁ ነው፦ 8ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ዲዲአር4 ነው የሚወስደው፣ ዲዲአር3 ማስገቢያው ውስጥ አይገባም። ሁለት ማስገቢያ ካለ ከአንድ ባለ 16 ሁለት ባለ 8 ጊጋ ማስገባት የተሻለ ፍጥነት ይሰጣል፤ በተለይ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ለሆነ ማሽን።

አሁን ሱቅ ገብታችኋል እንበል፤ መገናኛ ዘፍመሽም ይሁን ሜክሲኮ፣ ፒያሳም ይሁን መርካቶ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ማየትን የማይፈቅድ ሻጭ ጋር አትገበያዩ። ይዛችሁ የምትሄዱት ፍላሽ (ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያለበት)፣ ኢርፎንና የስልካችሁ ሆትስፖት ነው።

ሳታበሩት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አንዱ ማዕዘን ከተነሳ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ገፋ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ይህ የዋጋ ድርድር ጉዳይ አይደለም፣ አደጋ ነው። ክዳኑን በአንድ እጅ ከመሃል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ማጠፊያው አካባቢ ሲጥ የሚል ድምፅ ወይም የሚከፈት ስንጥቅ ካለ ብሎኑን የያዘው ፕላስቲክ ተሰብሯል፤ በሙጫ ቢጠገንም አይቆይም። ገልብጣችሁ ብሎኖቹን እዩ፤ ጥርሳቸው ያለቀና የጎደሉ ብሎኖች ማሽኑ ደጋግሞ መከፈቱን ይናገራሉ።

ስታበሩት ወደ ዊንዶውስ ሳይገባ ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣውን የማሽኑን ማስተካከያ ገጽ) ክፈቱ፤ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ነው። ፓስዎርድ ከጠየቀ ማሽኑ ከቀድሞ ድርጅቱ ሳይፈታ የወጣ ነው፤ «ምንም አይደለም፣ አያስፈልግም» ቢሏችሁ አትስሙ። ቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር ፓስዎርድን ማስነሳት ቦርድ እስከ መንካት ያደርሳል። ካልጠየቀ እዚያው ሲሪያል ቁጥሩን ከሆዱ ስቲከር ጋር አመሳክሩ። ካልተገጣጠመ ወይ ቦርዱ ወይ ቀፎው ተቀይሯል። ሲሪያሉን የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ማሽኑ መጀመሪያ ከምን ዕቃ ጋር እንደወጣ ያሳያችኋል።

ዊንዶውስ ሲከፈት ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን እዩ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ ራሙ ስንት እንደሆነና ከስንት ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን ኤችዲዲ ሁሉም እዚያ ነው። እጅ ማሳረፊያው ላይ ያለውን የኢንቴል ስቲከር አትመኑ፤ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል።

ባትሪን በሰዓት አትለኩ፤ «4 ሰዓት» የሚባለው ስክሪኑ ደብዝዞ ምንም ሳይሠራ የቆየበት ነው። የትእዛዝ መስኮቱን (ሲኤምዲ) ክፈቱና «powercfg /batteryreport» ብላችሁ ጻፉ፤ ክፍት ቦታው ከስላሹ በፊት ብቻ ነው። የሚወጣውን ፋይል በብሮውዘር ስትከፍቱ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት አወር፣ ሁለተኛው 31,000 ከሆነ 62 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው። ለንባብና ለጽሑፍ ማሽኑ 9 ዋት አካባቢ ቢወስድ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መለወጫ ከዋጋው ይቀነስ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆነው ብታዩም ወዲያው ደስ አይበላችሁ፤ አዲስ የተገጠመ ርካሽ ባትሪም እንዲህ ይላል። ቲ480 ላይ ባትሪው ሁለት ነው፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ከውጭ የሚነቀል፤ ሪፖርቱ ሁለቱንም ለየብቻ ያሳያል፣ ሻጭ ግን የሚያወራው ስለ ደህናው ነው።

እንግዲህ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የባትሪውን መቶኛ ጻፉና ጥራቱ 1080 የሆነ ቪዲዮ ክፈቱ። እሱ እየሄደ ሌላውን ትፈትሻላችሁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የኤስኤስዲውን ጤንነት በመቶኛ፣ የሠራበትንም ሰዓት ይነግራችኋል፤ ቢጫ ምልክት ካወጣ ዲስኩን እንደሌለ ቁጠሩት። ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ምቱ፤ የሚደጋግም ወይም የሚሞት ቁልፍ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ እንደነካው ያሳብቃል። ነጭ ገጽ ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ የተጫነ ጥላና ቢጫ ነጠብጣብ ፈልጉ፣ ቀጥሎ ጥቁር። ፍላሹን በሁሉም ዩኤስቢ ቀዳዳ አስገቡ፣ ኢርፎኑን ሰኩ፣ ካሜራና ማይኩን ሞክሩ፣ ከሆትስፖቱ ጋር አገናኙ። ክብ ባልሆነው ትንሹ ዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነ ገመዱን ሰክታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ መሙላቱ የሚቋረጥ ከሆነ ቀዳዳው ላልቷል። ቲ480 ዘመን ያሉ ቲንክፓዶች ላይ የተንደርቦልት ፈርምዌር ችግር ይህንኑ ቀዳዳ ይገድለው ነበር፤ ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቶለታል፣ ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትጭኑት እሱን ነው።

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ መቶኛውን እዩ። በሃያ ደቂቃ 20 በመቶ የወረደ ባትሪ ቪዲዮ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። የማራገቢያውን ድምፅ ስሙ። መንፋት ያለ ነው፤ የሚንኳኳ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ግን ማራገቢያው ሊያልቅ መሆኑን ይናገራል። ሙቀት ብቻ ከሆነ አቧራ ማጽዳትና ቴርማል ፔስት መቀየር ያስተካክለዋል።

ሱቅ ውስጥ የማይታይ አንድ ወጥመድ አለ። የድርጅት ላፕቶፖች አንዳንዶቹ አውቶፓይለት በሚባል አሠራር በድርጅቱ ስም የተመዘገቡ ናቸው። ነጋዴው ኢንተርኔት ሳያገናኝ ዊንዶውስ ስለጫነበት ያለ ችግር ይሠራል። እናንተ ከወራት በኋላ ፎርማት አድርጋችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙ ግን የማታውቁት ኩባንያ ስም ብቅ ይልና የሥራ ኢሜይል ይጠይቃል። ማክቡክ ላይም ተመሳሳይ ቁልፍ አለ። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ሪሴት ሲደረግ የድርጅት አካውንት ከጠየቀ ይመለሳል» የሚል መስመር አስጽፉና በዚያው ሳምንት ሪሴት አድርጋችሁ አረጋግጡ። ሲሪያል ቁጥሩ፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ ራምና ዲስኩ፣ የዋስትናው ጊዜና ዋስትናው ባትሪን ይጨምር እንደሆን አብረው ይጻፉ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ከበሩ አይወጣም።

ስለ ዋጋ ቁጥር እዚህ መጻፍ ከንቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ይራመዳል፤ ካቻምና የገዛ ሰው የሚነግራችሁ ዋጋ ለዛሬ አይሠራም። አንድ ሞዴል፣ አንድ ፕሮሰሰርና አንድ የራም መጠን ይዛችሁ በአንድ ቀን ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው ላይ ዐረብኛ፣ ከእስራኤል የሚመጣው ላይ ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛው ጎን ይታተማል፤ ይህ አያስቸግርም። የጀርመኑ ግን ዋይና ዜድ ቦታ የተለዋወጡበት ነው፤ ሳያዩ ለሚጽፉ ያናድዳል። ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ካለ ለእኛ 220 ቮልት ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ ብቻ መለወጥ ነው። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት ከላላ አዳፕተር ጋር ሲገናኝ ብልጭ ድርግም እያለ ነው ቻርጀር የሚያቃጥለው።

ቤት ስትገቡ ሱቁ የጫነውን ዊንዶውስ አጥፉት። አብዛኛውን ጊዜ ከአክቲቬተር (ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ ከሚያስከፍት ፕሮግራም) ጋር የተጫነ ነው፤ አክቲቬተሩ እንዲሠራ ደግሞ የዊንዶውስ ዲፌንደር ተዘግቷል ወይም አንዳንድ ፎልደር እንዳይፈትሽ ተደርጓል። የሚገርመው፣ ለድርጅት የተሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃዳቸው ባዮሱ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመጡት። በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደውን መጫኛ አድርጋችሁ ትክክለኛውን ዓይነት፣ ማለትም ፕሮ ከሆነ ፕሮን፣ ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ማሽን ላይ ክራክ መጫን የሚያሳዝን ነው። አውቶካድና ሬቪትም ለተማሪ በነጻ ይሰጣሉ፤ አውቶዴስክ ተማሪነታችሁን በሰነድ አረጋግጦ ለአንድ ዓመት ይፈቅዳል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ኢሜይል ከሰጣችሁ አትናቁት፤ ኦፊስ ኦንላይንን፣ የጊትሃብን (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) የተማሪ ጥቅልና የጄትብሬይንስን የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች በነጻ የሚያስከፍተው እሱ ነው።

ዳታ እንዳይበላባችሁ የስልካችሁን ሆትስፖት «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጋችሁ ሰይሙ፤ ትላልቆቹ አፕዴቶች የግቢ ዋይፋይ እስክታገኙ ይጠብቃሉ። በኬብል ቴተሪንግ ማድረግ ከዋይፋይ ሆትስፖት ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ስልኩም እግረ መንገዱን ይሞላል። ሲ ድራይቩ ያለ ምክንያት ከሞላ ቴሌግራምን ተጠራጠሩ። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደርና የራሱ ካሽ አብረው በአስር ጊጋዎች ይደርሳሉ።

ዶርም ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው ቻርጀርና ቦርድ የሚጎዳው። መብራት እንደጠፋ ከዲቫይደሩ ንቀሉ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ማሽን ላይ የመሙያ ጣሪያውን 80 በመቶ አድርጉት፤ ቲንክፓድ ላይ በሌኖቮ ቫንቴጅ፣ ዴልና ኤችፒ ላይ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ይገኛል። ፈተና ሰሞን 100 አድርጎ መመለስ ይቻላል። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ይደፍናል፤ ጠንካራ ደብተር እንኳ ከሥሩ ብታደርጉ ልዩነት አለው።

ስለ አዲስ ነገር መከታተልም ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሽን መቀየር መስሏቸው ነው። «ኤአይ ፒሲ» የሚለውን ማስታወቂያ ውሰዱ። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት ፕላስ ለሚላቸው ላፕቶፖች ቢያንስ 16 ጊጋ ራምና በሴኮንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ ልዩ ቺፕ ይጠይቃል። ተማሪው በየቀኑ የሚጠይቃቸው ቻትቦቶች ግን የሚሠሩት በኩባንያዎቹ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከ2018ቱ ቲ480ም ሆነ ከአምና ማሽን መልሱ አንድ ነው። ገንዘቡን ዳታ ላይ፣ ሰዓቱን ትምህርት ላይ ማዋል ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው 5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ ላይ ነጻ ኮርስና ሰርተፍኬት አለው፤ መነሻ ነው፣ ከሱ በኋላ ግን አንድ የራስ ፕሮጀክት ጊትሃብ ላይ ካልተቀመጠ ሰርተፍኬቱ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ግቢ ኪዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ፤ ዊኪፒዲያን በሙሉ ወይም በትምህርት ዘርፍ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድ አለው፤ የለመዱት የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየመቱ መጻፍን ከሆነ ኪይማን ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ይቀናል። የሚያጣላው ፎንቱ ነው። በቀድሞው ዩኒኮድ ባልሆነ ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የተበታተነ ምልክት ይሆናል፤ የሲኒየር ጥናት ቀድታችሁ ስትሠሩ ይህ ይገጥማችኋል፣ እንደገና ከመጻፍ በፊት መቀየሪያ ፕሮግራም ፈልጉ። ኒያላ ፎንትም በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ተጨማሪ ሆኖ ካልተጫነ የለም፤ በኒያላ ያስተካከላችሁት ገጽ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ፎንት ተተክቶ 60 ገጽ የነበረው 66 ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ በወርድ ፋይል ለኅትመት አይሰጥም። ወርድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ፎንቱ አብሮ ይታሸጋል። ቅጂውን ጉግል ድራይቭ፣ ፍላሽና ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ አስቀምጡ። ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሰካት ፋይሉን በቴሌግራም ላኩላቸው፤ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ከግቢ ግቢ የሚዞረው በዚያ ፍላሽ ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን ማውጫው ላይ ያሉት የገጽ ቁጥሮች ከውስጡ ጋር መግጠማቸውን ፒዲኤፉን በስልክ ከፍታችሁ እዩ፤ ወርድ ማውጫውን ራሱ አያድስም፣ ኤፍ9 መጫን አለበት።